ሰው ያልነካው ቡና

በ1999 ዓ.ም. ከቴፒ በላይ ያለውን የጫካ ቡናዬን የውጭ ገዢዎች ሊያዩት ነው ተባለ። እንግዳ ሲመጣ ደጅ ይጠረጋል። ገጀራዬን ይዤ ገባሁ። ሐረጉን ቆረጥኩ፣ ቁጥቋጦውን መነጠርኩ፣ መተላለፊያ አወጣሁ።

የሰፈራችንን ቡና የሚገዛው ነጋዴ ሻሚል እንግዶቹን ቀድሞ ደረሰ። ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ጋሽ ሲሞን! ምን አደረጉ?»

«አጸዳሁ።»

«ዋይልድ ነው ብዬ እኮ ነው የማመጣቸው!»

የልጄን ልጅ ሐሴትን ጠራኋት። ዘጠነኛ ክፍል ናት።

«ዋይልድ ምንድን ነው?»

«ቅጽል ነው፣ አባባ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«ለአንበሳ ሲባል ያልተገራ። ለልጅ ሲባል ስድ። ለቡና ሲባል ሰው ያልነካው፣ ራሱ የበቀለ።»

«ለቡና ሲባል ውድ!» አለ ሻሚል። «ይልቅ ቅጠሉን መልሱ!»

የቆረጥኩትን እየጎተትን መልሰን በተንነው። ገጀራዬንም ሻሚል ቅጠል ሥር ደበቀው። ተውኩት። ገዢ ከተገኘ ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ግን ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ «የሚንከባከበው የለም» ተብሎ በወረዳው ለባለሀብት ተሰጥቷል። አልረሳሁትም።

እንግዶቹ መጡ። የወረዳ ሰውም አብሯቸው አለ። አንዲት ነጭ ሴት የቡናውን ግንድ ዳሰሰችና ጠየቀች።

«ማን ነው የሚንከባከበው? ነው የምትለው» አለኝ ሻሚል፤ በዓይኑም ጠቀሰኝ።

«እኔ» አልኩ። «ከእኔ በፊት አባቴ።»

ሻሚል አስረዝሞ ተረጎመላት። ፊቷ በሳቅ በራ። «ዋይልድ! ዋይልድ!» እያለች እጄን ጨበጠችኝ።

«ምን አልካት?»

«ማንም አይነካውም አልኳት። ምን አለበት፣ ጋሽ ሲሞን? ቃል ናት እኮ፤ ትበላዎታለች?»

የወረዳው ሰው ሰማው። ቀና ብሎ ጫካዬን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው።

ጎንበስ ብዬ ገጀራዬን ከቅጠሉ ሥር አወጣሁ። ሴትዮዋ ካለችበት አጠገብ ጀምሬ መመንጠር ያዝኩ። ሻሚል «ኧረ ጋሽ ሲሞን፣ በአላህ!» አለ። አላቆምኩም።

ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች። እጄን አየች፣ ወደ ሻሚል ዞረችና አንድ ነገር ጠየቀችው።

ጥያቄዋን ሻሚል አልተረጎመልኝም። የወረዳው ሰው እያየኝ መመንጠሬን ቀጠልኩ።