የአባኬ ውሃ

አዲጉን ሌጎስ ተቀምጦ የጻፈው የቴሌቪዥን ድራማ አገሩን በፍርሃት አንቀጥቅጦታል። በድራማው ንፋስ ሲነሳ የሚዋሽ አለ፤ እሳት ሲጠፋ የሚከዳ አለ፤ ውሃ ግን ሞት ነው። ሞቱን የምታመጣው ጥቁር የለበሰች አሮጊት ናት። ጎህ ሲቀድ ከወንዝ ቀድታ፣ ሰላም ቢሏት ሳትመልስ ታልፋለች። ውሃውን ካስቀመጠች በኋላ መጀመሪያ ያናገረችው ሰው፣ በቃ፣ አለቀለት!

ጉድ እኮ ነው! ይህችን አሮጊት ከየት አመጣት? ከአክስቱ ከአባኬ ነዋ! እሱንም እህቱን ሞጂሶላንም እንደ እናት ያሳደገቻቸው እሷ ናት። በትውልድ ከተማቸው ለሕፃን ስም ሲወጣ ከንፈሩን የሚያርሱበትን ውሃ የምትቀዳውም እሷ ነበረች። ሕፃኑ እስኪቀምሰው ወይም ውሃው እስኪደፋ ድረስ ከቀጂዋ አፍ ቃል አይወጣም፤ ወጉ ነው። አዲጉን ወጉን ወስዶ ጥቁር አለበሰው። ለድራማው ድምቀት ነው አለ፣ ማን ከልክሎት።

ዛሬ ለሞጂሶላ ልጅ ስም ይወጣለታል። አዲጉን ጠዋት ከተማው ሲገባ አባኬን ከወንዝ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኛት።

"አክስቴ፣ እንዴት አደርሽ?"

በዓይኗ ብቻ ሳቅ ብላለት አለፈች።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሽማግሌው ባባ ፋሲና ማሩን፣ ጨውን፣ የኮላውን ፍሬ ካቀረቡ በኋላ "ውሃው ይምጣ" አሉ። አባኬ በቅል ይዛ ቀረበች። ሞጂሶላ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"አይሆንም ባባ። ከእሷ እጅ አይሆንም።"

"ምን ነካሽ አንቺ? ላንቺስ ስም ሲወጣ ውሃውን የቀዳው ማን ሆነና!"

"ድራማ መሆኑን አጥቼው ነው? ግን ሰፈሩ ሁሉ ትቷታል እኮ፤ ወላድ ከጠራቻት ቆየ። ልጄ ነው ባባ! አዲጉን፣ የጻፍከው አንተ አይደለህ? ንገረን እንጂ!"

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አባኬም አየችው፤ ውሃው ገና ስላልተቀመሰ ስለ ራሷ መናገር አትችልም። "ፈጠራ ነው፣ ከራሴ ያመጣሁት ነው" ቢል ያልቅ ነበር። አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ጎረምሶቹ ስልካቸውን ደግነው "ደራሲው! ደራሲው!" ይሉታል፤ የድራማው ምስጢር ገና አልተፈታም። እዚህ ቆሞ ውሸት ነው ቢል ድራማውን ማን ያየዋል?

"ለጊዜው... የታሸገ ውሃ ይምጣ" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። እፍረት ፊቱን እስከ ጆሮው አቃጠለው። እንዲህ ያለ ውርደት በዕድሜው አልቀመሰም፣ ያውም ራሱ የጠመቀው።

የታሸገው መጣ፤ ሕፃኑ ቀመሰ፤ ሰውም አሜን አለ። አባኬ የቅሏን ውሃ ደጃፉ ላይ ደፋች። አሁን አፏ ተፈታ። ቅሉን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ወደ አዲጉን መጣች።

ይዛ የመጣችው የጠዋቱን ሰላምታ ነበር፤ ሳትመልስለት ያለፈችውን።

"ደህና አደርኩ የኔ ልጅ፣ እንኳን ደህና መጣህ" አለችው፣ እጇን ዘርግታ።

ፈጠራ መሆኑን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው አዲጉን፣ ወደ ኋላ ሸሸ።