የወዳጁ ቁጥር

«ወረደለት አላልሽኝም ነበር? ታዲያ ቁጥሩ ወርዶለት የነበረ ሰው እንዴት ይሞታል?» አለች አክስቷ፣ ከፔርሙስ ቡና እየቀዳች። ድምጿን ዝቅ ያደረገችው ለቀስተኞቹ እንዳይሰሟት ነው።

ልጅቷ ሲኒውን ተቀበለቻት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊኖረው የሚገባ ሰው ካለ እሷ ነበረች። ባሕር ማዶ ዓመታት የፈጀችው በፕሮስቴት ካንሰር ጥናት ላይ ነው፤ እጢው ወደ ደም የሚለቃቸውን ፕሮቲኖች እየለካች፣ የትኛው ካንሰር ተኝቶ እንደሚቀር፣ የትኛው አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ ለመለየት ስትደክም። ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያሳስባል፣ በሕክምና ሲወርድ እፎይ ያሰኛል። ወርዷል ብሎ በስልክ ያበሰራት አባቷ ራሱ ነበር። ተጠርታ ስትመጣ ግን ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ፣ እሱም መናገር አቁሞ አገኘችው። በሆስፒታሉ ውጤት ላይ ቁጥሩ ጣሪያ ነክቷል። ከቀብሩ ወዲህ ከራሷ ጋር የምትሟገተው በዚህ ነው፤ ወይ መድኃኒቱ ከድቶታል፣ ወይ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ከንቱ ነው።

አባቷ ሱሪ ሰፊ ነበር። የስንቱን ወንድ ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው፣ ለሴት ልጁ ግን ስለ ወንድ ገላ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ስለ በሽታው መጀመሪያ የደወለላት ቀን ጉሮሮውን ደጋግሞ ጠራረገና፣

«አንድ ወዳጅ አለኝ» አላት። «ሽንት ቶሎ ቶሎ እያለው ተቸገረ።»

ወዳጁ ራሱ መሆኑን ለመገመት መማር አያስፈልግም። ፈገግ አለች።

«ደሙን ይመርመር በለው።»

«እለዋለሁ። ያፍራል እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ሁሉ በወዳጁ በኩል ሆነ። ወዳጁ ተመረመረ፤ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ወዳጁ መርፌ ጀመረ፤ ላብ ላብ ይለዋል፣ ያለ ነገር ሆድ ይብሰዋል። «ወረደለት!» ያላት ቀን፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ እንደ ቆመች አለቀሰች። «ወዳጅህን እንኳን ደስ አለህ በልልኝ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ኮት» የሚላቸው ሽማግሌ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ከአባቷ ጋር በአንድ ሱቅ፣ የስፌት መኪናቸውን ፊት ለፊት አድርገው አብረው ያረጁ፣ ኮት ሰፊ ናቸው።

«ከወገብ በላይ የኔ፣ ከወገብ በታች የሱ ነበር» አሉ። «አሁን እንግዲህ ሰዉን ግማሹን አልብሼ ልሸኝ?»

ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቋ ነው።

«አንቺን ሳላመሰግን ብሞት ግን ይቆጨኛል። እስከ ዛሬ ያቆየሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«በአባትሽ በኩል ነዋ! ምርመራው በይው፣ መርፌው በይው… ራስህ ደውልላት ሲለኝ፣ ለሴት ልጅ በምን አፌ! እያልኩ እሱን አስቸገርኩት። ቁጥሬ የወረደ ዕለት ከኔ ይልቅ የጨፈረው እሱ ነው።»

ሲኒዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወዳጁ እውነተኛ ሰው ነበር። የወረደው ቁጥር የአባቷ አልነበረም። ፕሮቲኑም አልዋሻትም፤ የተማረችውም ከንቱ አልነበረም። ይህን ማወቅ ሊያሳርፋት ይገባ ነበር፤ አላሳረፋትም።

«እሱስ?» አለች። «እሱ ተመርምሮ ያውቃል?»

«አብረን እንሂድ ብዬው ነበር። ‹እኔን ልጄ ትከታተለኛለች› አለኝ። እሷ እያለችለት እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ተውኩት።» ፊቷን አዩና ቆም አሉ። «ትከታተይው አልነበር እንዴ?»

ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ ይፈቱና መልሰው ይቆልፉ ጀመር።

«እከታተለው ነበር» አለች።

በረጅሙ ተነፈሱ። «ጎሽ። የኔማ ይኸው፣ የሚቀጥለው ምርመራ ደረሰ። አሁን በማን በኩል ልጠይቅሽ?»

«ይደውሉልኝ።»

«አፍራለሁ፣ ልጄ።»

«‹አንድ ወዳጅ አለኝ› ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ኮታቸውን ሰብስበው ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ከዚያ እዚያው እንደ ቆመች ስልኳን አወጣችና ለአባቷ ጻፈች። «ወዳጅህ ደህና ነው።» ጣቷ ትንሽ ዘገየ። «አንተስ?» ብላ ጨመረችና ላከችው።

መልስ የሚመጣ ይመስል፣ ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ፣ በሌላኛው እጇ ወንበሮቹን ትደረድር ጀመር።