ለሎሚ ጭፈራ የተነከረ ልብስ

ከኤደን የመጡ ዓረብ እንግዶች እሁድ ከሰዓት በኋላ ሶደሬ ሊጋበዙ ነውና፣ የናዝሬት ኪነት ቡድን እነሱ የሚወዱትን ጭፈራ ያቅርብ ተባለ። የሚወዱት ደግሞ የሆድ ዳንስ ነው። ወገብ ማውዛወዝ የቡርዧ ብልግና ነው ተብሎ በስብሰባ ከተወገዘ ገና ዓመት አልሞላውም። ግን እንግዳ ሲመጣ አብዮትም እንደማንኛችን ጓዳውን ይበረብራል። ከጓዳው ሎሚ ተገኘች። ሎሚ አቦምሳ ተወልዳ ኤደን ያደገች፣ እዚያም በየሰርጉ ስትጨፍር ኖራ የተመለሰች ሴት ናት።

ልምምዱ በሰላም ተጀመረ። ክርክሩ የመጣው በልብስ ነው።

የኪነት ኃላፊው ጓድ ኢተፋ፣ ሙዚቀኞቹ እንደ ወትሮው ካኪ ለብሰው፣ ቀይ ሻርፕ አስረው እንዲቀመጡ አዘዘ። ሎሚ ሳቀች።

«ጓድ፣ ከኋላዬ ካኪ የለበሰ ከተደረደረ እኮ እስረኛ ሆኜ ከነጠባቂዎቼ የመጣሁ ነው የምመስላቸው። የሚያብለጨልጨው የእኔ ልብስ ነው። ሙዚቀኛ ማብለጭለጭም መቅላትም የለበትም። ሰዓት ያሰረ ያውልቅ። ከአንገት እስከ እግር ጥቁር፤ ያኔ ዓይን እኔ ላይ፣ ጆሮ እነሱ ላይ ይውላል። ኤደንም ወጉ ይሄው ነው።»

«ጥቁር? ማን ሞተና?» አለ ከበሮ መቺው አብተው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አብተው ምላሱን ነከሰ። ማን እንደሞተ የማያውቅ አልነበረም። የክላርኔት ነፊው የጉደታ ልጅ ቀነዓ፣ ገና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ በጥቅምት ተወስዶ በኅዳር ተገድሏል። ለአብዮት ጠላት አይለቀስም ተብሎ ድንኳን አልተጣለም፤ ጎረቤትም አልደረሰም። እናቱ ተሻለች ጥቁር ብትለብስ ልጇን ተከትላ እንደምትሄድ ተነግሯታል። ደጃቸው ድረስ መጥቶ ይህን የነገራት ይኸው ኢተፋ ነው።

ጉደታ «ጥቁር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ልጁ ሄደ። ለልጁ ከል መልበስ! ያውም በአደባባይ፣ ያውም በትእዛዝ! ፊቱን ወደ ክላርኔቱ ደፍቶ ቁልፎቹን የሚጠርግ መሰለ።

ኢተፋ አልሳተውም። «ጓድ ጉደታ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ጥቁሩን ቢደግፍ ተበላ። ካኪውን ቢደግፍ ይህ ቀን ሁለተኛ አይመጣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፤ ኢተፋ ገድ መቁጠርን እንደሚጠላ የሚያውቀው ጉደታ ቀና ብሎ፣ «ካኪው ይሻላል፣ ጓድ» አለ። «ጥቁር ለዘፈን አይሆንም። ገደቢስ ነው።»

ይህን ሲል ልጁን የካደ መሰለውና አፉ መረረው።

«ገደቢስ?» ኢተፋ ተቆጣ። «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ስንማር ከርመን አሁንም ገድ እንቁጠር? አፈርኩብህ! ጥቁር ይለበሳል፤ ተወስኗል!»

ጉደታ አንገቱን ደፋ። ያፈረ እንጂ የተደሰተ አይመስልም ነበር፤ እንዲያ ለመምሰል ያወጣውን ጉልበት እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ጥቁር ልብስ ግን ከየት ይምጣ? ያለውም ሰው በዚያ ዘመን ሣጥን ሥር ቀብሮታል። ስለዚህ ይነከር ተባለ፤ መንከር የምታውቀው ደግሞ ተሻለች ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት በጉደታ ግቢ ውስጥ ትልቅ ድስት ተጣደ፤ ተሻለች የከሉን ቀለም በጠበጠች። ሙዚቀኞቹ ሸሚዝና ሱሪያቸውን በብብታቸው ይዘው አንድ በአንድ መጡ። አስረክበው መሄድ ሲችሉ አልሄዱም። አጥሩን ተደግፎ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ መድረሳቸው ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይለውም።

እኩለ ቀን ላይ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ምንድነው የምትነክሩት?»

ተሻለች ማማሰያውን ይዛ ቀጥ አለች።

«የኪነት ልብስ ነው» አለ አብተው። «የጓድ ኢተፋ ትእዛዝ ነው። አላመንክ እንደሆነ ሂድና ጠይቀው።»

ጠባቂው ድስቱን አየ፤ ሴትዮዋን አየ፤ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ተሻለች ማማሰሏን ቀጠለች። ጉደታም እሁድ በደህና ይለፍ እንጂ ሌላ አልመኝም እያለ ልቡን ያባብል ነበር።

እሁድ ሶደሬ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እንግዶቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ከኢተፋ ጋር ተቀምጠዋል። ወደ ጎን የናዝሬት ሕዝብ፣ በየቀበሌው በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ፣ ሴቱ ለብቻ ወንዱ ለብቻ ተደርድሯል። ሎሚ ወጣች። ወገቧ ላይ የተሰፋው ሳንቲም ሁሉ ከከበሮው ጋር ተንሿሿ። እውነቷን ነበር፤ ከኋላዋ ያሉት ጥቁር ለባሾች ጥላ ሆኑና እሷ ብቻ ነደደች። እንግዶቹ በደስታ ተነሥተው አጨበጨቡ።

የናዝሬት ሰው ግን ሎሚን አላያትም። ጉደታን ነበር የሚያየው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ ያለውም አወለቀ። ጉደታ ትንፋሹ ከዳውና ዜማው ተሰበረ፤ እንደምንም ቀጠለ። ኢተፋ ባርኔጣዎቹ ሲወርዱ አየ፤ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ደረቀ።

ሎሚ የመጀመሪያውን ጭፈራ ስትጨርስ የዘገየ አውቶቡስ ደረሰ። ከሴቶቹ መጨረሻ ተሻለች ወረደች። ከአናቷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ድስት ውስጥ በተረፈው ቀለም፣ ለባሏ ሳትነግር፣ የራሷን ቀሚስና ነጠላ ነክራለች።

ኢተፋ ከወንበሩ ተነሥቶ መድረኩ ጥግ ድረስ መጣ፤ እንግዶቹ እንዳይሰሙ በዝግታ ነበር የተናገረው።

«ይቺስ? እሷም ሙዚቀኛ ናት?»

ነገሩ ለሎሚ ወዲያው ገባት። «አዎ፣ ጓድ፤ ድቤ ትመታልኛለች» አለች እያለከለከች። «አረፈደች እንጂ። አይደለም እንዴ፣ ኦቦ ጉደታ?»

ራሱን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነበር የቀረው። አንዴ ቢነቀንቅ ሚስቱ ትድናለች፤ እሱም ይድናል። ቀና ሲል ተሻለች ከሩቅ ትኩር ብላ ታየዋለች። የልምምዱ ዕለት «ገደቢስ» ዛሬም አፉ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛ መካድ አቃተው።

«የለም» አለ ጉደታ ክላርኔቱን አስቀምጦ። «ባለቤቴ ናት። ለልጃችን ለቀነዓ ከል ለብሳ ነው። እኔም እንደዚያው።»

የኢተፋ እጅ ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ወረደና እዚያው ቆመ፤ እንግዶቹ ያዩታል። አብተው ከበሮውን ትቶ ተነሣ። ሌሎቹም ተነሡ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ለተሻለች ቦታ ለቀቀች፤ ከዚያ ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሥተው ከበቧት። እንግዶቹ የትርኢቱ ቀጣይ ክፍል መስሏቸው እንደገና አጨበጨቡ። ተሻለችም ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇን ስም ጮክ ብላ ጠራች።