ለትንሽ ሞተር ረጅም ብረት

አረጋ ሙጃ በምትባል ከተማ በሞተር መጋዝ ባህር ዛፍ እየቆረጠ የሚተዳደር ሰው ነው። የመጋዙ ሰንሰለት የሚዞርበት ብረት አጭር መሆኑ ስላናደደው፣ ረጅም ብረት ከወልድያ አስመጥቶ ገጠመ። ሞተሩ ይችለው እንደሆነ ግን ማንንም አልጠየቀም።

በማግስቱ ንፋስ የጣለው ወፍራም ባህር ዛፍ መንገዱን ዘጋ። ምጥ የያዛትን ሰብሌን የጫነው አምቡላንስም እዚያው ቆመ። አረጋ ተጠርቶ መጣና መጋዙን አስነሳ። ብረቱ ግንዱ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ አቃሰተና ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ ጠፋ።

«ኧረ ምን ሆነሃል?» ብሎ ጮኸ የሰብሌ ባል ሙሉሃብት።

«ብረቱ ረዘመበት! በአጭሩ ቢሆን ከሁለት ወገን እቆርጠው ነበር።»

«ታዲያ አጭሩ የት አለ?»

«ቤት ነው።»

ሙሉሃብት ሰዎች ጠርቶ ሰብሌን በቃሬዛ ከግንዱ ማዶ አሻገራትና እዚያ ቆሞ በነበረ ሚኒባስ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ።

አረጋ ቤቱ ሮጦ አጭሩን ብረት ገጠመ። ተመልሶም እየተሳደበ ግንዱን ከወዲህም ከወዲያም ቆረጠው። ባዶው አምቡላንስ አለፈ።

አመሻሽ ላይ ሙሉሃብት ደውሎ «ሴት ልጅ ወለደች» አለው።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ አረጋ፤ በራሱ ላይ ያደረበት ንዴት ግን አልበረደለትም።