የአዋሌ መኪና ዋጋ

ሳጋል የመጀመሪያውን ትእዛዝ ስትቀበል ለእንየው አልነገረችውም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ እያለች ሦስት ወር አለፈ። በእነዚያ ሦስት ወራት ስልኳ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንየው ሰምቶ ይሆን እያለች ታየው ነበር።

ሳጋል ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት የዲዛይን ሠራተኛ ናት። ያደገችው ጅጅጋ፣ የተማረችው አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከሶማልኛዋ አያንስም። ቀን ቀን የሱቅ ታፔላና የሠርግ መጥሪያ ትሠራለች። ከሥራ ውጪ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስትሠራ የኖረችው መንገድ ነው። የጭነት መኪና የሚነዳበት አንድ የኮምፒውተር ጌም አለ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሀርጌሳን አያውቋትም። እንደ ሳጋል ያሉ አድናቂዎች ግን የአገራቸውን መንገድና መኪና ሠርተው ይጨምሩበታል፤ ሞድ ይሉታል። እሷ ከሀርጌሳ በርበራ የሚወስደውን መንገድ፣ ኬላውን፣ ደረቅ ወንዙን፣ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ሐብሐብ ሳይቀር ሠርታ ማንም እንዲወስደው በነጻ ለቀቀችው።

መኪኖቹን የሠራው እንየው ነው። እንየው ከደብረ ታቦር የመጣ፣ በየሕንፃው ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ነው። የተዋወቁት ሞድ ሠሪዎች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ስምንት ወር በእንግሊዝኛ ሲጻጻፉ ከርመው አንድ ቀን ፋይል አልከፈት ሲለው በአማርኛ ተማረረ። እሷም በአማርኛ መለሰችለት። የት ነህ ስትለው እዚያው ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር አላት። ባጃጅ ቢይዙ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር።

እንየው አዲስ መኪና አይሠራም። የእሱ መኪኖች ቀለማቸው የለቀቀ፣ ጎናቸው የተላጠ፣ ስፖኪዮአቸው የተሰነጠቀ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ «ይህ መኪና ለሁሉም በነጻ ነው፤ አይሸጥም።»

መጀመሪያ ያዘዛት ስዊድን የሚኖር ፈርሐን የሚባል ሰው ነው። የአባቱ ሱቅ መንገዱ ዳር እንዲቆምለት፣ የቤተሰቡ ስምም መኪናው ላይ እንዲጻፍለት ፈለገ፤ እከፍላለሁ አለ። ሳጋል ሁለት ቀን አሰበችበት። በአራት ዓመት ውስጥ ከሰው ያገኘችው አብዛኛው መልእክት መቼ ነው የምታስተካክዪው፣ ምነው ቆየሽ፣ ሰነፍሽ የሚል ነበር። ለታፔላ እየተከፈለኝ ለዚህ የማይከፈለኝ ለምንድነው ብላ ራሷን ጠየቀችና ተቀበለች። ከፈርሐን በኋላ ሌሎች አራት መጡ። መኪኖቹ ሁሉ የእንየው ነበሩ።

ስድስተኛው ትእዛዝ በእግሩ መጣ። ኸድራ የምትባል ነርስ ሽማግሌ አባቷን ደግፋ ማተሚያ ቤቱ ገባች። አዋሌ ይባላል፤ በበርበራ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከስትሮክ በኋላ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። ኸድራ በግራ እጅ ብቻ የሚሠራ የጌም መሪ ገዝታለታለች። እሱ የሚፈልገው ግን የራሱን ቀይ መኪና ነው። ፎቶግራፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሳጋል ዋጋ ነገረቻቸው። አዋሌ አልተከራከረም፤ ኸድራ እዚያው በስልኳ ከፈለች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አደረሰችለት። ኸድራ አባቷ ሲነዳ ቀርጻ ቪዲዮውን ለቀቀችው፤ ብዙ ሰው አየው። እንየውም አየው። ቀለሙ ተቀይሯል፣ በሩ ላይ ስም ተጽፏል፤ የስፖኪዮው ስንጥቅ ግን እሱ በእጁ የሣለው ነው። ከሥሩ አንድ ሰው ስንት ነው ብሎ ጠይቋል፤ ኸድራም ዋጋውን መልሳለታለች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት እንየው ሲሚንቶ በነካው ሱሪው ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣ።

«መኪናው የኔ ነው» አላት ድምፁን ሳያነሳ።

«መንገዱስ የማን ነው?»

«መንገድሽን ሽጪ። ማን ከለከለሽ?»

ልነግርህ ነበር አለችው። ከተቀበለችው ግማሹን ልትሰጠው እንዳሰበች ነገረችው፤ እውነትም አስባ ነበር። እሱን ያስቆጣው ግን ይኸው ነገር ሆነ።

«ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዘኝ ነው የምውለው» አላት። «ይህን አንሳ፣ ያንን አፍርሰህ ድገመው። ማንም የማያዘኝ እዚያ መኪና ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው። ገንዘብ የተቀበልኩ ቀን እሱም ሌላ ሕንፃ ይሆንብኛል።»

«አንተ ስላልፈለግክ እኔም በነጻ ልሥራ?»

ዞሮ ወጣ። ያን ዕለት መኪኖቹን ሁሉ ከለቀቀበት ቦታ አነሳቸው። ግሩፑ ታመሰ። ገሚሱ እሷን ሌባ አላት፣ ገሚሱ እሱን ምቀኛ። ሳጋል አንድ መልእክት አንብባ ስልኩን ታስቀምጣለች፤ ደቂቃ ሳይቆይ መልሳ ታነሳዋለች። የሠርግ መጥሪያ ላይ የሙሽራዋን ስም ተሳስታ ጻፈችና አለቃዋ ተቆጣት።

ሳምንት ሳይሞላ ጌሙ ታደሰ። እንዲህ ሲሆን የቆዩ ሞዶች ካልተስተካከሉ አይከፈቱም። ኸድራ ደወለች። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ መሪውን ይዞ ባዶው ስክሪን ፊት እንደተቀመጠ፣ ምሳም እንዳልበላ ነገረቻት። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም፤ ለሳጋል ይህ ከስድብ ባሰባት። ሁለት ቀን ልታስተካክለው ታገለች። መኪናው ሲከፈት ጎማ የለውም፤ ጎማው ሲመጣ ጋቢናው ይጠፋል። ዋናው ፋይል ያለው እንየው ዘንድ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ይዛ እንየው ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄደች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያስተካክል አገኘችው። እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችውና ስለ አዋሌ ሁሉንም ነገረችው፤ እጁን፣ እግሩን፣ ፎቶግራፉን፣ ምሳውን። እንየው ስንት እንደተቀበለችው ጠየቃት። ነገረችው። የእሱ የአንድ ሳምንት ደመወዝ መሆኑን ተናገረ። አርብ እመጣለሁ፣ በነጻ እሠራለታለሁ፣ አንቺም ገንዘቡን መልሺለት አላት።

«የመኪናውን ድርሻ እመልሳለሁ» አለችው። «የመንገዱን አልመልስም። ደክሜበታለሁ።»

እንየው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አርብ ሁለቱም አዋሌ ቤት ሄዱ። አዋሌ ድሬዳዋ ጭነት ሲያመላልስ የለመደው አማርኛ ነበረው፤ እንየውን አንተ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ እያለ ሲጠይቀው ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። መኪናው ተከፈተ። አዋሌ በግራ እጁ መሪውን ጨብጦ ከከተማ ወጣ፤ ናሳ ሀብሎድ የሚባሉትን መንታ ኮረብቶች አልፎ የመጀመሪያው ዳገት ላይ አቆመና የማስተካከያው ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ምንም እንደማይከፍል እንየው ነገረው። ሳጋልም የመኪናውን ድርሻ እመልስልሃለሁ፣ አደር አለችው፤ ሶማሌ ትልቅ ሰውን በአክብሮት ሲጠራ እንደሚለው። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

«ነጻ ከሆነማ አፌን እዘጋለሁ» አለ። «የስጦታ ጉድለት አይነገርም። እኔ ግን የምናገረው ብዙ ነው። ክላክሱ የኔ አይደለም። ማርሹ የኔ አይደለም። ዳገት ላይ ሞተሩ እንዲህ አይጮህም። ገንዘቤን ውሰድና ልናገር።»

እንየው ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን አንስቶ ነበር፤ ግን አልዘጋውም። ገንዘቡ ይቅር፣ እርስዎ ግን ይንገሩኝ ብሎ ወረቀት አወጣ። አዋሌ እስከ ዐስር ሰዓት ሶላት ድረስ ሲነግረው እሱ ሲጽፍ ቆየ።

ሦስት አርብ ተመላለሰ። ክላክሱን ለማግኘት ከሳጋል ጋር የከተማውን የጭነት መኪና ማቆሚያ ሁሉ ዞሩ፤ አዋሌ የእያንዳንዱን መኪና ድምፅ በስልክ እያዳመጠ አይደለም፣ አይደለም ይላቸዋል። ዘጠነኛው መኪና ላይ አስደገማቸው። ከዚያ አልሐምዱሊላህ ሲል ሰሙት።

በመጨረሻው አርብ አዋሌ በርበራ ወደብ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቆም ነዳ። ሲደርስ ወደ ኸድራ ዞሮ ማራገቢያውን አብሪልኝ፣ እዚህ ይሞቃል አላት። በግራ እጅ መስጠት ነውር ስለሆነበት የሥራውን ገንዘብ ለእንየው ያቀበለው በእሷ እጅ ነበር። እንየው ኸድራን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ተቀበለ።

ሲወጡ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ እንየው ግን አልተሳፈረም። በፈጣን እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ መልሶ ይሄዳል። ሳጋል ከኋላው ተከተለችው።

«ክላክሱን ስንፈልግ ደስ ብሎኝ ነበር» አላት። «እያዘዘኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ኪሴ ውስጥ ያለው ይከብደኛል።»

ሳጋል እርምጃዋን አፍጥና ጎኑ ደረሰች። እሷም እንደዚያው ከርማለች።

መኪኖቹን እንደገና በነጻ ለቀቃቸው። የራሱን መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ የሚል መስመርም በየፋይሉ ውስጥ ጨመረ። ሳጋል ለቀደሙት አምስት ደንበኞች እውነቱን ጽፋ የመኪናውን ድርሻ ልመልስ አለቻቸው። ሁለቱ ተቀበሏት፣ ሁለቱ ለእንየው ላኪለት አሏት፣ ፈርሐን አልመለሰም። በግሩፑ ውስጥም በግልጽ ጻፈች፤ ይቅርታ ያደረጉላት አሉ፣ ጥለው የወጡም አሉ። ከእንየው ጋር አሁንም አብረው ይሠራሉ። ብቻ ድሮ ያለ ምክንያት ይደዋወሉ ነበር፤ አሁን ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃት ማን አዘዘ ብሎ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሰብሪያ የምትባል የቡርዖ ከተማ ሴት ጻፈችላት። የቡርዖን መንገድ ሥሪልኝ፣ ዋጋሽን ንገሪኝ አለቻት። ሳጋል ዋጋ ጻፈች፣ አጠፋች። ዝቅ አድርጋ ጻፈች፣ ያንንም አጠፋች። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ዋጋ መልሳ ጻፈችና ላከችው። ወዲያው ተነሥታ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ወጣች፤ ባጃጆቹ ሲያልፉ እያየች፣ መልሱን እየጠበቀች ስልኩን በእጇ ታገላብጠው ጀመር።