የታንጉት ልጅ

«ዘነቡ፣ መኳንንቱ መጡልሽ!» አለ ጎረቤቷ ሙህሲን በሹክሹክታ። የሙህሲን ሹክሹክታ ቀጣዩ ከተማ ዋጃ ድረስ ይሰማል።

ዘነበች ከሰሌኑ አልተነሳችም። የወንድሟ የጄኔራል እሸቴ ሰልስት ነው፤ የለቀስተኛው ራስ ቆቦ ድንኳን ገብቶ ጅራቱ ገና ጎብዬ ነበር። እሺ፣ ትንሽ ላሳጥረው፤ ሮቢት ነበር።

የመጣችው የልዑሉ ልጅ ወይዘሮ እልፍነሽ ናት፤ ሟቹን በአባት ብትገናኘውም አንድ ቀን «ወንድሜ» ያላለችው። ትናንት «መቃብሩ ላይ የአባታችን ስም ይጻፍ» ብላ ልካለች። ከዚያ ወዲህ ለዘነበች እህል አልወረደላትም። የእናቷን ልጅ ከሞተ በኋላ ሊወስዱባት ነው፤ እሷ ደግሞ ለልዑል ዘር እምቢ ብላ አታውቅም።

እናታቸው ታንጉት ማሽላ ጠባቂ ነበረች። ወፍ ልታባርር የወነጨፈችው ድንጋይ በዚያ የሚያልፈውን የልዑሉን በቅሎ አስደነበረ። ልዑሉ ወደቀ፤ ሲነሳ አፍቅሯት ነበር። የተወለደውን ዲቃላ ለጦር ትምህርት ቤት እንጂ ለማዕዱ አልፈቀደውም። እሸቴ ግን የእናቱን ዓይን ወርሷል፤ በመድፍ ከተራራ ማዶ የጠላትን ብርጭቆ ይመታ ነበር፣ ሻዩ ሳይፈስ።

የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆን አንድ ባላባት ሊያሳቅቀው «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» አለው በሸንጎ።

«የታንጉት። እሷ የራያን ማሽላ ከወፍ ጠበቀች፤ እኔ ግምጃ ቤቱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።»

ባላባቱ ሳያስበው ኪሱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ለወይዘሮ እልፍነሽ ወንበር ቀረበላት። «ቤተሰባችን ፈቅዷል» አለች። «በአባታችን ስም ይጠራ።»

ዘነበች ከሰሌኑ ሳትነሳ ቀና አለች። «እመቤቴ፣ ፈቃዱ ዘገየ። የመቃብሩን ድንጋይ እሱ ራሱ በቁሙ አስቀርጾታል፤ ‹እሸቴ ታንጉት› ይላል።»

«በሴት ስም?»

«አገር ተነስቶ እጅ የነሳው ለዚያ ስም ነው። አይፋቅም!»

«ማሻ አላህ!» አለ ሙህሲን በሹክሹክታ፤ ድንኳኑ ተነቃነቀ። በለቅሶ ቤት እልልታ ነውር ነው፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ግን አቀለጡት።

ወይዘሮ እልፍነሽ አቀረቀረች። ቆይታ ጫማዋን አወለቀች፤ ከወንበሩ ወርዳ፣ የነጠላዋን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ከመሬት ተቀመጠች።

«ወንድሜን» አለች።

ዘነበች ዞራ አላየቻትም። ብቻ ፈቀቅ ብላ ከሰሌኑ አንድ ስንዝር ለቀቀችላት። አንድ ስንዝር ነው፤ በዚህችስ አልጨምርባትም።