የተቆጣጣሪው ሚስት እግር

ተቆጣጣሪው ጡረታ የወጣው ከአውቶቡሱ እንጂ ከቁጥጥሩ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በተሳፋሪ መሃል እየተሽሎከሎከ ትኬት ሲያይ የኖረ ሰው ቤት ሲውል የሚያየው ነገር አጣ። ኋላ ሚስቱን እታለምን ስኳር በሽታ ያዛትና እግሯ ደነዘዘ። ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ እግርዎ ቢታመምም አይነግርዎትም፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ይፈልጋል" አለች። ባልየው ይህን ሲሰማ ሹመት እንደመጣለት ሰው ቀና አለ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከእራት በፊት በርጩማውን ስቦ እግሯ ሥር ይቀመጣል። የውሃውን ሙቀት በክርኑ ይለካል፣ ያጥባታል፣ በጣቶቿ መሃል በፎጣ ጫፍ ያደርቃል፣ ተረከዟን ቅባት ይቀባል። ጫማዋን ሳይቀር እጁን ሰዶ ይዳብሳል። አንድ ቀን ከጫማዋ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘና ስንት ጊዜ አወራው! "ቁልፍ እኮ ነው፤ ወርቅ ያገኘህ አስመሰልከው" ትለዋለች። እንዲህ ትበል እንጂ ደስ ይላታል። በወጣትነቱ ሰው ፊት እጇን ለመያዝ እንኳ ያፍር የነበረ ሰው ነው።

አንድ ከሰዓት እሱ ገበያ ሄዶ ሳለ ብርድ ብርድ አላትና እግሯን በሳፋ ሙቅ ውሃ ነከረች። ውሃውን የለካችው ግን በዚያው በደነዘዘው እግሯ ነበር። ፎጣ ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇ ውሃውን ነካውና "ኡ!" ብላ ሰበሰበችው። እግሯን ስታወጣው በርበሬ መስሏል። ብዙም ሳይቆይ አውራ ጣቷ ሥር ውሃ ቋጠረ።

ታላቅ እህቷ በዚሁ በሽታ ሐኪም ቤት ሄዳ እግሯን ብታሳይ ያለ እግር ነው የተመለሰችው። እታለም ከዚያ የያዘችው ትምህርት አንድ ነው፤ ያሳየ ይቆረጣል። ስለዚህ ካልሲዋን አጠለቀችና ዝም አለች።

በርጩማው ሲመጣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ዛሬ ራሴ ታጥቤያለሁ" አለች።

"ጎሽ። እስቲ ልየው።"

"ደክሞኛል እኮ! አንድ ቀን እንኳ አርፌ ልቀመጥ!" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጉዱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ዘመኑ ትኬት ያልቆረጠን ሰው የሚለየው ኪስ በመፈተሽ አልነበረም። ሰውዬው ድንገት ውጭ ውጭውን ማየት ሲያበዛ ነው። በዚህኛው መስኮት ደግሞ ከጎረቤት ግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

"አንቺ፣ ግድግዳው ምን አለሽ?" አላት።

እግሯን ወደ ኋላ ሳበች። ካልሲውን ቀስ አድርጎ አወለቀው። እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እባክህ ለማንም አትንገር!" አለች እያለቀሰች። "እህቴን እንደቆረጧት እኔንም ይቆርጡኛል!"

"እህትሽ የተቆረጠችው ስላሳየች አይደለም" አለ። "እስኪሸት ድረስ ደብቃ ስለቆየች ነው። ተሸክሜ የወሰድኳት እኔ ነኝ። እንዳታዝኚ ብዬ ነው እስከዛሬ ያልነገርኩሽ። ተነሺ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ።"

ደረሱም። ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ፤ እግሯ መሬት እንዳይነካ ተብሎ ውሃ ቢሉ ምግብ አመላላሹ እሱ ሆነ። ነርሷም እየተመላለሰች ፋሻውን ቀየረችላት።

በመጨረሻው ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈታች። ከሥሩ ቀላ ያለ አዲስ ቆዳ ወጥቷል።

"እማማ፣ ድኖልዎታል" አለች። "ተደብቆ ቢሰነብት ኖሮ ግን እንጃ። አባባን ያመስግኗቸው።"

እታለም ወደ ባሏ ዞረች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ለባሏ "አመሰግናለሁ" የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ በመሃላቸው እንደሱ አይባልም።

"አንተ" አለችው፣ "እኔ የደበቅኩብህን እግር ነው ያተረፍክልኝ። አመሰግናለሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ።"

ያ ወሬ የማያልቅበት ሰው የተፈታውን ፋሻ እየጠቀለለ ሲፈታ፣ እየፈታ ሲጠቀልል ቆየ።

ነርሷ ቦርሳዋን ስታነሳ እታለምም ጫማዋን አጥልቃ ተነሳች። "ቆዪ እንጂ፣ በእግሬማ ልሸኝሽ" አለቻትና ቀስ እያለች ከደጁ እስከ ግቢው በር አብራት ሄደች። ከኋላዋ ተቆጣጣሪው ሲናፈጥ ሰማችው። እንዳያፍር ብላ ዞር አላለችም።